ያላዘነበለችው መርፌ
(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ማግኔት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የጻፍነው አንድ የሐሰት ቁጥር ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ከኑዛዜ እንጀምራለን።

የፊዚክስ መጽሐፋችን የታተመው በእንግሊዝ አገር ነበር። በውስጡ ያለው ሙከራ ቀላል ነው። አንዲት የብረት መርፌ ወገቧ ላይ በሐር ክር ታስራ፣ ሚዛኗን ጠብቃ ትንጠለጠላለች። ከዚያ ወርዳ በማግኔት ጫፍ ወደ አንድ ወገን ብቻ ደጋግማ ስትታሽ እርሷም ማግኔት ትሆናለች። እንደገና ስትንጠለጠል ወደ ሰሜንና ደቡብ ትዞራለች፤ የሰሜን ጫፏም ወደ መሬት ያዘነብላል። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያለችው መርፌ አፍንጫዋን ደፍታ ቁልቁል ታያለች፤ ከሥሯም 67 ዲግሪ ያህል የሚል ተጽፏል።

የእኛይቱ መርፌ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዞረችና አግድም እንደተዘረጋች ቀረች። መርፌ ለወጥን፤ ክር ለወጥን፤ ማግኔቱ አርጅቶ ይሆናል ብለን ከሌላ ክፍል ተዋስን። ሁሉም ያው ሆነ። ደወሉ ሊደወል ሲል ተያየንና በደብተራችን ላይ «67 ዲግሪ» ብለን ጻፍን። ሙሉ ማርክም አገኘንበት።

መርፌዋ እውነቷን እንደነበር፣ የዋሸነውም እኛ እንደሆንን የተረዳነው ቆይተን ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ማግኔት መስክ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ከወረቀት ሥር ማግኔት አስቀምጠን ከሞረድ የረገፈ የብረት ብናኝ ብንነሰንስበትና ወረቀቱን በጣት መታ መታ ብናደርገው፣ ብናኙ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው እየጐበጠ የሚሄድ መስመር ይሠራል። መስመሮቹ በቦታው ተሰምረው የተቀመጡ ነገሮች አይደሉም፤ በየነጥቡ ትንሽ ኮምፓስ ብናኖር ወዴት እንደምትዞር የሚያሳዩ ናቸው። የማግኔቱ ኃይል የሚደርስበት ይህ ዙሪያ የማግኔት መስክ ይባላል። ልብ በሉልን፤ መስመሮቹ በዋልታዎቹ አጠገብ ቀጥ ብለው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በወገቡ በኩል ግን ከማግኔቱ ጐን ለጐን ጋደም ብለው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን)። ሮበርት ኖርማን የሚባል ኮምፓስ ሠሪ፣ አስተካክሎ የሠራት መርፌ ማግኔት ከሆነች በኋላ ሰሜን ጫፏ እየከበደ አስቸገረው። እርሱም እንደ እኛ ጥፋቱን በመርፌዋ አሳበበ። ጫፏን ሲቆርጥ፣ ሲቆርጥ አሳጠራትና አበላሻት። በዚህ ተናዶ ነገሩን መመርመር ያዘ፤ የዝንባሌውን ልክም 71 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ሆኖ አገኘውና በ1581 አሳተመ። እርሱ ከቁጣው በኋላ ለካ፤ እኛ ገለበጥን፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

በ1600 ደግሞ ሐኪሙ ዊልያም ጊልበርት ከማግኔት ድንጋይ ክብ ኳስ ቀርፆ ትንሽ መርፌ አዞረበት። በኳሱ ዋልታ ላይ መርፌዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በወገቡ ላይ ተጋደመች። ከዚህ ተነሥቶ ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት አለ። (የመርፌዋን ሰሜን ጫፍ የሚስበው ተቃራኒው ስለሆነ፣ በምድር ሰሜን በኩል ያለው በማግኔትነቱ ደቡብ ዋልታ ነው። ይህ አሰያየም ብዙ ተማሪ አሳስቷል።)

ሆኖም በምድር ሆድ ውስጥ ደረቅ የማግኔት ዘንግ የለም። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ እንዲህ ያለውን ማግኔትነቱን ያጣል፤ የምድር እምብርት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይግላል። ኤርስቴድ በ1820 እንዳሳየው ግን የኤሌክትሪክ ፍሰትም መርፌ ያዞራል። ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የሚጀምረው የቀለጠ ብረት ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈስበታል፤ መስኩም ከዚያ ይመነጫል። የቀለጠው ብረት ስለማያርፍ መስኩም አያርፍም፤ የኖርማን 71 ዲግሪ በለንደን ዛሬ ወደ 66 ወርዷል።

የምድር ማግኔት ወገብ ከምድር ወገብ ጋር አይገጥምም። በአፍሪካ ላይ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በአገራችን ያልፋል፤ ከአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ከተማ ዝንባሌው ቢኖር አንድ ሁለት ዲግሪ ነው፤ በክር በተንጠለጠለች መርፌ በዓይን አይለይም። በ1957 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ሲቋቋም ይህ ቦታ የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። እኛ ያፈርንበትን አግድም መርፌ ሊቃውንቱ በመሣሪያ ሲመዘግቡት ኖረዋል።

መስኩ በተጋደመበት በዚህ ቀበቶ ላይ ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሮጣል። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 «ኤሌክትሮጄት» ብሎ ሰይሞታል። ቀትር ሲቃረብ መስካችንን በጥቂቱ ያበረታዋል፤ ማታ ይተወዋል። ሌላው ዓለም ይህን ለማየት እዚህ ወይም ፔሩን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ይመጣል።

መርፌዋን ይዘናት መጥተናል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተንጠልጥላለች። ዲግሪ መስፈሪያውም አለ። ማየት የሚወድ ይቅረብ፤ ግን ቁልፉንና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ራቅ አድርጎ ያኑር፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ በውስጡ ማግኔት አለውና መርፌዋን ያታልላታል። የምታዩትንም በዚያ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልን።