ጣት የሚያውቀው



የጤና ሠራተኛን በርቀት ማስተማር በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 የትምህርት ሞጁሎች አዘጋጅቷል። ሐሳቡን እንደግፈዋለን። በአርሲ ነገሌ ገጠር ሁለቱ የቀበሌዋ ሠራተኞች ለትምህርት ከተማ ቢከርሙ ጤና ኬላው ይዘጋል፤ ነፍሰ ጡሯን ማን ያያታል?

ጥያቄያችን ስለ አስተማሪው ነው። ኢምፕላኖን በክንድ ቆዳ ሥር እንዴት እንደሚገባ መጽሐፍ በሥዕል ያሳያል። ጠልቆ ከገባ ግን በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል፤ ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው። አስተማሪውም እንደ ተማሪዎቹ በወረቀትና በስልክ ብቻ ከሠለጠነ የማን እጅ የማንን እጅ ያርማል?

ስለዚህ ንባቡን በያለበት ያንብብ (ሞጁሎቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ሌላ ጣጣ ነው)። ልምምዱን ግን ከተማው ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ ከአዋላጅ ነርሷ አጠገብ ቆሞ ይፈጽም፤ ተማሪ ከመቀበሉ በፊትም እጁ ይፈተን። መንገዱ አያስቸግርም፤ የሻሸመኔ መኪና በዚያው ያልፋል። የሚያስቸግረው የአዋላጇ ሰዓት ነው፤ እሷ ቆማ ስታስተምር ወላዶቿን ማን ይቀበልላታል? በዚህ ላይ መምህራኖቻችን አሳባቸውን እንዲሰጡን እንለምናለን።