«የቀሩት አርባ ሁለቱስ?»፦ የማይለዋወጥ ምግባር በሂንዱ አስተሳሰብና በእኛ ኑሮ



አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የሂንዱ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ሳንስክሪትም አላነብም። አዛንና ቅዳሴ ጎን ለጎን በሚሰሙባት አሶሳ ቆሜ ስለ ሕንድ እምነት መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ወደዚህ ርእስ የመራኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው።

ከሕንድ የመጣ መምህር ለኢትዮጵያ ተማሪ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታላላቆቻችንን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ኋላም ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየክልሉ ሲከፈቱ ሌላ ትውልድ መጣ። እኔ የማወጋችሁ ከዚህ ከሁለተኛው ትውልድ ስለነበረ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ስሙንም፣ አብረን የሠራንበትንም ተቋም አልጠቅስም።

በዚያን ጊዜ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ተማሪ ለማለፍ ሦስት ነጥብ ጎደለው፤ ስለ እርሱም እምቢ ለማለት የሚከብድ ሰው ደወለልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዚያ በፊት «አስተካክዬ» አውቃለሁ፤ ዛሬ ይህን ስናገር ኩራት አይሰማኝም። ወደ ሕንዳዊው ባልደረባዬ ቢሮ ሄጄ በለስላሳ ቃል ነገሩን አነሣሁለት። አልተቆጣም። የልጁን ወረቀት አውጥቶ ፊት ለፊቴ እንደገና አረመው፤ ውጤቱም አልተለወጠም። ከዚያ ቀና ብሎ «የቀሩት አርባ ሁለቱስ?» አለኝ።

ጥያቄው የገባኝ ወዲያው አልነበረም። የአንዱን ወረቀት ደግሞ ካነበበ የሁሉንም ደግሞ ማንበብ እንዳለበት አስረዳኝ፤ መሽቶ መብራት እስኪበራም እዚያው ተቀመጠ። ማንም ያልደወለላቸው ሁለት ተማሪዎች ነጥብ ተሳስቶባቸው ኖሮ ተስተካከለላቸው። የተደወለለት ልጅ ወደቀ። «ይህን የምታደርገው እምነትህ አዝዞህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሥራዬ ነው» ብሎ ዝም አለ።

«ሥራዬ» ያለውን ቃል ከብዙ ጊዜ በኋላ መረመርኩት። በሂንዱ አስተሳሰብ «ዳርማ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ሥርወ ቃሉ መያዝ፣ ደግፎ ማቆም ማለት ነው፤ ግዴታን፣ ሥርዓትንና ምግባርን አንድ ላይ ያቅፋል። ከተማ ውስጥ ወጣቶች በቀልድ የሚጠሩት «ካርማ» ደግሞ በቀል ወይም ዕድል ሳይሆን በመሠረቱ «ድርጊት» ማለት ነው። እያንዳንዱ ድርጊት በአድራጊው ላይ አሻራ ይተዋል፤ አሻራው ዝንባሌ ይሆናል፤ ዝንባሌውም የሚቀጥለውን ድርጊት ይስባል። ይህን ልማድ ብለን ብንተረጉመው ከአርስቶትል ብዙ አንርቅም።

በታላቁ የማሃባራታ ድርሳን ውስጥ የሚገኘው ብሃጋቫድ ጊታ፣ በ18 ምዕራፎችና በ700 ያህል ስንኞች፣ ከዘመዶቹ ጋር ለመዋጋት ያመነታውን የአርጁናን ጭንቀት ይዞ ይነሣል። ሠረገላ ነጂው ክሪሽና ከሚሰጠው ምክር ዋናው ሐሳብ፣ የሰው ድርሻ ሥራው እንጂ የሥራው ፍሬ አይደለም የሚል ነው። ይህ ትምህርት በጦር ሜዳ መሰጠቱ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ጋንዲ ጦርነቱን በሰው ልብ ውስጥ እንደሚካሄድ ትግል አድርጎ በማንበብ አልፎታል። ቢሆንም ሐሳቡ የባልደረባዬን ቀን ያብራራልኛል። ደዋዩን ማስደሰትም ሆነ ልጁን መቅጣት የእርሱ ጉዳይ አልነበረም።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ግን በፓታንጃሊ የዮጋ ድርሳን ያገኘሁት ነጥብ ነው። አለመጉዳትን፣ እውነትን፣ አለመስረቅን፣ ራስን መግዛትንና አለመስገብገብን ከዘረዘረ በኋላ፣ እነዚህ ታላቅ ስእለት የሚሆኑት በትውልድ፣ በቦታ፣ በጊዜና በአጋጣሚ ሳይገደቡ ሲጠበቁ ነው ይላል። ለወገኔ እውነት እናገራለሁ፣ ለባዕድ ግን አልናገርም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ዘለን ማለፍ የሌለብን ክርክር አለ። ያው ሥልጣኔ የማኑን ሕግም አፍርቷል፤ በእርሱም ግዴታውም ቅጣቱም እንደ ሰው የትውልድ መደብ ይለያያል። ከ«ማይነኩት» ወገን የተወለደው የሕግ ሊቅ አምበድካር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1927 ማሃድ በተባለች ከተማ ተከታዮቹን ይዞ ይህን መጽሐፍ አቃጠለ፤ በ1956ም ከእጅግ ብዙ ሕዝብ ጋር ወደ ቡድሂዝም ገባ። እንደ እኔ አስተያየት አምበድካር ያነሣው ጥያቄ የባልደረባዬ ጥያቄ ነበር፦ የቀሩትስ?

ይህንንም በሕንድ ላይ ብቻ ለመፍረድ አላነሣሁትም። የቆምንበት ምድር የባሪያ ንግድ ለረጅም ዘመን ያራቆተው ምድር ነው። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦውና ኮሞው ልጆቻቸውን ሲነጠቁ፣ ነጣቂዎቹና ገዢዎቹ ብዙዎቹ በየቤታቸው የሚጸልዩ፣ እንግዳ የሚቀበሉ፣ በሠፈራቸው በደግነት የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ። የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነትን ሽሯል፤ ስድቡ ግን በቋንቋችን ውስጥ እስከ እኔ የልጅነት ዘመን ዘልቆ እኔም ሰምቼው አድጌአለሁ። ክርስቲያኑ «ሃይማኖትና ምግባር» ሲል፣ ሙስሊሙም «አኽላቅ» ሲል የሚያስተምረው ጠፍቶን አይደለም። ልክነታችን ደጃፋችን ላይ ይቆም ነበር።

በራሴ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አሶሳ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በገበያ ቀን ማንጎ ልገዛ ወጣሁ። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ የበርታ እናት መሬት ላይ ደርድረው ይሸጣሉ። «አንቺ፣ ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው። ባደግሁበት አገር ከእናቴ እኩያ ጋር እንዲህ ብነጋገር ኖሮ አባቴ በቁጣ ከቤት ያስወጡኝ ነበር፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ሽማግሌ የማከብር ጨዋ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሸክም ሊያግዘኝ አብሮኝ የወጣው ተማሪዬ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ዋጋውን በሩጣንኛ ጠይቆልኝ፣ ማንጎውን ፌስታል ውስጥ እየጨመረ፣ ቀና ሳይል «መምህር፣ እኒህ እናት ከእርስዎ ይበልጣሉ» አለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ብቻዬን ሄድኩ። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ባለፈው የመጣሁ መሆኔን ያስታወሱ አይመስለኝም። አማርኛቸውም ጥቂት ስለነበረ «አንቺ»ን ከ«እርስዎ» መለየታቸውን ዛሬም አላውቅም። ማንጎውን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ዋጋው እንደ ባለፈው ነበር።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይም የዚህ ክልል ልጆች፣ መድረኩ ለእናንተ ነው።