የከተማ ነፃነትና የባላገር ወዳጅነት



በጥንት ዘመን በግሪክ አገር አቴና፣ ስፓርታና ቆሮንቶስ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መንግሥታት ነበሩ። ከተማዪቱ አገር ነበረች፤ አገሩም ከከተማዪቱና በዙሪያዋ ካለው እርሻ ብዙ አያልፍም ነበር። ኋላም ቬኒስ በባሕር ንግድ በልጽጋ ብዙ መቶ ዓመታት በነፃነት ከኖረች በኋላ፣ በ1789 ዓ.ም. በናፖሊዎን እጅ ወደቀች። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሲንጋፖር በ1957 ዓ.ም. ከማሌዢያ ተለይታ ራሷን የቻለች መንግሥት ሆናለች።

ይሁን እንጂ ነገሩ የባዕድ አገር ታሪክ ብቻ ሊመስለን አይገባም። እኛም ሐረር አለችን። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ጀጎል የሚባለውን ቅጥር አሠሩ፤ ቅጥሩም አምስት በሮች ነበሩት። በ1640 ዓ.ም. ገደማ በአሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ የተመሠረተው ሥርወ መንግሥት ከ200 ዓመት በላይ ከተማዪቱን ገዛ። ሐረር የራሷን ገንዘብ ታትም፣ ሌሊትም በሮቿን ትዘጋ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ያዟት፤ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲሄዱ አሚር አብዱላሂ ነገሡባት። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ከግዛታቸው ጋር አዋሐዷት።

ከዚህ ምን እንማራለን? ቅጥር ወራሪን ለጊዜው ይከለክላል፤ እህል ግን አያበቅልም። የሐረር ሰው ይበላ የነበረው በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ያመረተውን ነው፤ ንግዷም ወደ ዘይላ የሚወርደው በሶማሌ ምድር በኩል ነበር። እንግዲህ የከተማዪቱ ነፃነት ከቅጥሩ ይልቅ በውጭ ካለው ሕዝብ ጋር ባላት ስምምነት ላይ የቆመ ነበር። ዛሬም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሐረሪ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ክልሉ በቅጥሩ አልተወሰነም፤ በዙሪያው ያለውንም ገጠር ይጨምራል።

አሁን ፊታችንን ወደ ጎጃም እንመልስ። ቡሬ ቅጥርም አሚርም ያልነበራት የገበያ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚያልፈው ጎዳና ተገንጥሎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚያደርሰው መንገድ የሚነሣው ከእርሷ ነው። በቀድሞው ዘመን በጎጃም የኬላው ቀረጥ የሚገባው ለገዢው መኳንንት ስለ ነበረ፣ ገበያው ቢደምቅም ነጋዴው የከተማው ጌታ ሊሆን አልቻለም። የምዕራብ ጎጃም መዲና ፍኖተ ሰላም ደግሞ ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። የሁለቱም ኑሮ በጤፉ፣ በበቆሎውና በበርበሬው በኩል ከባላገሩ ጋር የተሳሰረ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ነገሩ እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ባላገሩ በገበያ ቀን በርበሬውን ሸጦ፣ የመሬቱን ጉዳይ ይዞ ከቢሯችን ደጅ ይቆማል። ያለ በቂ ምክንያት «ነገ ይመለሱ» ስንለው የአንድ ቀን መንገድና የአንድ ቀን እርሻ እናጠፋበታለን። ይህን በደጋገምን ቁጥር ድንጋይ ሳንጭን ቅጥር እንሠራለን፤ በሩንም በጠራራ ፀሐይ እንዘጋለን። የሐረር በሮች እንኳ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር።

ከተማ ራሱን ችሎ መቆም የሚገባው በሥራውና በሥርዓቱ ነው፤ ከሚመግበው ባላገር ተለይቶ ግን የቆመ ከተማ የለም።