የገጽ ጥያቄንና የገጽ ንድፍን ስለ መለየት



ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ፒኤችፒን ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ፣ ብዙ ድረ ገጾች ትእዛዙንና ኤችቲኤምኤሉን በአንድ ፋይል አደባልቀው ተሠርተዋል። ለጥቂት ገጽ አመቺ ነው፤ ገጾቹ ሲበዙ ግን የፈቃድ ፍተሻው በየፋይሉ ይደጋገማል፤ በአንዱ ከተዘነጋም በሩ ሳይቆለፍ ያድራል።

መፍትሔው ሥራውን በየፈርጁ መለየት ነው። ጥያቄ ሁሉ በአንድ መግቢያ ፋይል ይለፍ፤ በዚያ ፈቃዱ ይመርመር፤ አድራሻው ከተመዘገቡት ገጾች ጋር ይመሳከር፤ ያልተመዘገበ ከሆነ የ404 መልስ ይሰጥ። ቴምፕሌቱ በመጨረሻ ይጠራ፤ የተሰጠውን ያሳይ እንጂ የመረጃ ቋቱን አይጠይቅ። ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍም ልዩ ምልክቶቹ ሳይለወጡ በገጹ አይውጣ፤ አለዚያ ስም ተብሎ የተጻፈው በሌላው ሰው ብራውዘር ትእዛዝ ሆኖ ይሠራል።

ይህ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ሥራውን ነገ የሚረከበው ባለሙያ ስሕተቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።