ፍሎራይድ፣ ካልሲየምና የደም ቅዳ ሕመም

ፍሎራይድ የካልሲየም ማዕድን ባለበት ሁሉ የመጣበቅ ጠባይ አለው። በስምጥ ሸለቆ ይህ ጠባይ በሰው ጥርስና አጥንት ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከአዳማ አጠገብ ሥራ ባስጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም ወሰን እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ነበረበት። የብዙዎች ጥርስ በለዘ፤ የአንዳንዶቹም አከርካሪ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ጠባዩ መድኃኒትም ሆኗል፦ በአካባቢው ከተሞከሩት የውኃ ማጣሪያዎች አንዱ የከብት አጥንት ከሰል ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ማዕድን ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል።

የደም ቅዳ ሕመም ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ መሳሳብ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ኮሌስትሮል በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ስቡን ሊበሉ ይገባሉ፤ ጠግበው እዚያው ሲሞቱ ቦታው ይቆጣል፣ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶችም ይፈጠራሉ። አደገኛው ክምችት ቧንቧውን ይበልጥ ያጠበበው ላይሆን ይችላል። ሽፋኑ የሳሳው ሲቀደድ ደም በላዩ ይረጋል፤ ልብ ወይም አንጎል በድንገት ደም ያጣል። ተራ የቧንቧ ራጅ የቦታውን ጥበት እንጂ ውስጡ የሚካሄደውን አያሳይም። ሞለኪውላዊ ምስል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ምስል የሚፈተነው ሕመሙ በተፈጠረባቸው እንስሳት ላይ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል በመመገብ ሕመሙን በደም ቅዳቸው ላይ አሳየ። አይጥ ግን በተፈጥሮዋ ሕመሙን ትቋቋማለች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አፖ-ኢ የተባለው ዘረመል የጎደላቸው አይጦች እስኪገኙ ድረስ ለዚህ ጥናት እምብዛም አትጠቅምም ነበር።

በአይጥ ላይ የምስል ምርመራው እንዲህ ይካሄዳል። አይጧ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ መኝታው ይሞቃል። ጨረር የሚያወጣው ፍሎሪን-18 ያለበት ሶዲየም ፍሎራይድ በጅራቷ ደም መልስ ይገባል። መጠኑ ከአንድ ብርጭቆ የወንጂ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውህዱ ካልሲየሙን ሲያገኝ ይጣበቃል፤ የፔት ስካን መሣሪያው ጨረሩን፣ ሲቲ ስካኑ ደግሞ ቦታውን ያሳያል። በመጨረሻ የደም ቅዳው ተወስዶ ይቀለማል፤ ምስሉ ያሳየው ብርሃን በእርግጥ ካልሲየም መሆኑ በማይክሮስኮፕ ይረጋገጣል። ይህን ማረጋገጫ ከሕያው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማግኘት ስለማይቻል፣ የእንስሳቱ ጥናት ዋና ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። የአይጥ ትልቁ ደም ቅዳ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ መሣሪያው አጥርቶ ከሚያየው ወሰን ጋር ይተካከላል። ከጎኑ ያለው አከርካሪ ደግሞ ፍሎራይዱን በብዛት ስለሚስብ ብርሃኑ በቧንቧው ላይ ይፈስሳል። የአይጥ ክምችትም ከሰው በተለየ እምብዛም አይቀደድም። ጥንቸልና አሳማ ሰፋ ያለ ቧንቧ ስላላቸው የተሻሉ ናቸው፤ ወጪያቸው ግን ከፍ ይላል። ጊዜም ይሻማል፦ ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ ውህዱ አዲስ አበባ ላይ ተመርቶ በፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት ቢጓዝ፣ አዳማ እስኪደርስ ጨረሩ ሲሶ ገደማ በመንገድ ያልቃል።

ሌላው መፈለጊያ ጨረር የተገጠመለት ስኳር ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በተፈጥሯቸው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባለ ዋታናቤ ጥንቸሎች ላይ፣ ስኳሩ የሚከማቸው ነጭ ሕዋሳት በበዙበት ቦታ መሆኑን አሳይተዋል። የልብ ጡንቻ ራሱ ስኳር ስለሚበላ ግን የልብን ቧንቧዎች በዚህ መንገድ መለየት ያስቸግራል። ፍሎራይዱ እዚህ ላይ ይሻላል፦ የኤድንብራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ከደረሰባቸው 40 ሕሙማን በ37ቱ ከፍተኛው ብርሃን የታየው ለድንገተኛው ሕመም ምክንያት በሆነው ክምችት ላይ ነበር። ብርሃኑ ክምችቱ ከመቀደዱ በፊት ይታይ እንደሆነ፣ መድኃኒትም ይቀንሰው እንደሆነ ደረጃ በደረጃ መከታተል የሚቻለው ደግሞ ያንኑ እንስሳ ደጋግሞ በመመርመር ነው።