ምንጫችንን ለካን



ፊደል ለይተናል፤ ቁጥርም አውቀናል። ታዲያ ዕውቀቱ ደብተር ውስጥ ይቅር? አይቅር አልንና ለክፍላችን አንድ ሥራ መረጥን፤ ምንጫችንን መጠበቅ። ልጆቻችን በተቅማጥ ይታመሙ ነበርና።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭ በታች ሆኖ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ እንዳለበት አነበብን። አለዚያ ቆሻሻው በአፈር ሰርጎ ውኃው ውስጥ ይገባል። ገመድ በየሜትሩ ቋጠርን። ገሚሳችን ለካ፤ ገሚሳችን ጻፈ።

አንዱ ጉድጓድ 18 ሜትር ላይ ተገኘ፤ ያውም ከምንጩ በላይ! ባለቤቱ ገመዱን የያዘው ጓደኛችን ነበር። አኮረፈ። ቁጥሩን ራሱ ሲያነብ ግን አመነ። በደቦ ደፈንነው፤ ታች ወርደን ሌላ ቆፈርንለት። ምንጩንም ከከብት አጠርነው።

የእናንተስ ስንት ሜትር ነው? ሂዱና ለኩ፤ ጻፉትም።