«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት



አዘጋጆቹ «አጠር አድርጊው» ስላሉኝ በቀጥታ ወደ አጎቴ ታሪክ ልግባ። የፋሲካ ዕለት ነበር። ምሳ በልቶ እንደተነሣ ደረቱን ጨመቀው፣ አላበው። «ከጾም በኋላ ቅባት ሲገባ ጨጓራ እንዲህ ያደርጋል» ተብሎ ተልባ ተሰጠው። ለእኔም ተደወለ። ያኔ ኢንተርን ነበርኩ፤ ተረኛ ሆኜ እየተጣደፍኩ «ጨጓራ ይሆናል፣ ጋደም ይበል» አልኩ። ሆስፒታል የደረሰው ማታ ነው። ሁለት ዓመት ኖረልን፤ ግን ከአልጋው እስከ ግቢው በር መሄድ እንኳ ያደክመው ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻው «ሐኪም አለችኝ» እያለ ይኮራብኝ ነበር።

ሃርት አታክ ማለት ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ቧንቧው እስኪከፈት ድረስ የልብ ጡንቻ እየሞተ ይሄዳል። ምልክቱ ደረት መሃል ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚዛመት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ነው። በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን የደረት ሕመሙ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰውየው ጀርባውን ደገፍ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቀመጥ። ልብሱን አላሉለት። አይራመድ፣ መኪናም አይንዳ።

ሁለተኛ፣ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 907 ወይም 939። የሚዘገይ ከሆነ ሌላ ሰው እየነዳ ኢሲጂ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰደው።

ሦስተኛ፣ አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነና የሚደማ ነገር ከሌለበት 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። ተልባው ይቆይ።

አራተኛ፣ ራሱን ከሳተና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። መዳፎቻችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ከደከማችሁ ተቀያየሩ እንጂ አታቁሙ።

ሆስፒታል ደርሳችሁ ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ እኮ ስቃችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ በተሳሳትኩት ስሕተት ግን የሚስቅ የለም። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችን ከአርባ አልፈናል። ከመካከላችን አንዱ ደረቱን ይዞ ቁጭ ካለ «ጨጓራ ነው» የሚለውን ፍርድ ለሐኪሙና ለኢሲጂው እንተወው።

ለከርሞም በጤና ያገናኘን።